ከነቀምቴ ተነሥቶ የህዋ ሥራ መኮንን ለመሆን፦ የዝግጅት መመሪያ

የህዋ ሥራ መኮንን ሳተላይቶችን ከምድር ሆኖ የሚከታተል፣ ትእዛዝ የሚልክላቸው፣ ከእነርሱ የሚገኘውንም መረጃ አዛዦች ሊወስኑበት በሚችሉበት መልክ አደራጅቶ የሚያቀርብ ባለማዕረግ ወታደር ነው። ይህ ባለሙያ ራሱ ወደ ጠፈር አይመጥቅም፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን የሚያሳልፈው በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ፣ በፈረቃ፣ ከኮምፒዩተርና ከሬዲዮ መሣሪያ ጋር ነው። ይህ መመሪያ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ የሚኖር ተማሪ ወደዚህ ሙያ ለመድረስ በምን ቅደም ተከተል መዘጋጀት እንደሚገባው ያሳያል። በኢትዮጵያ እንደ አሜሪካው ራሱን ችሎ ወጣቶችን የሚመለምል የህዋ ኃይል ስለሌለ፣ ተማሪው የደንብ ልብሱን ከመምረጡ በፊት ሙያውን መምረጥ አለበት የሚለው የመመሪያው ዋና ምክር ነው።

የአገሪቱን ይዞታ ለመረዳት አንድ ቀን መመልከት በቂ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019) የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 በቻይና ከሚገኘው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ወደ ህዋ ተላከች፤ በዚያው ዕለት ደግሞ በዋሽንግተን የአሜሪካን የህዋ ኃይል ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ያደረገው ሕግ ተፈረመ። የአሜሪካው ከአየር ኃይሉ ማኅፀን የወጣ ወታደራዊ ተቋም ሲሆን፣ የኢትዮጵያዋ ሳተላይት ግን ለግብርና፣ ለውኃ፣ ለደንና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ እንድትሰበስብ በሲቪል ተቋም ሥር የተሰማራች ነበረች። ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከወንቻንግ የመጠቀችው ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይትም የዚሁ የሲቪል መርሐ ግብር ክፍል ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሳተላይትን በእጅ የመቆጣጠር ልምድ በቀዳሚነት የተከማቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ጦር ሠራዊቶች ደግሞ በአብዛኛው የህዋ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ናቸው፤ በሳተላይት አቅጣጫ ይለያሉ፣ በሳተላይት ይገናኛሉ፣ የሳተላይት ምስል ያነብባሉ።

ወታደራዊ የህዋ ሥራ ለአፍሪካ ቀንድ ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑንም በዚሁ ማንሣት ተገቢ ነው። አስመራ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ አሜሪካውያን በቃኘው ጣቢያ ውስጥ ከ1965 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች ተክለው ወደ ሩቅ ህዋ የተላኩ የሶቪየት መንኮራኩሮችን ምልክት ያዳምጡ ነበር። ቦታው የተመረጠው ከፍተኛ ስለሆነና መንኮራኩሮቹ በክሪሚያ ለሚገኘው የሶቪየት መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሚታዩበት ሰዓት ከዚያም ስለሚታዩ ነው። በህዋ ሥራ የመልክዓ ምድር አቀማመጥ ራሱ ሀብት እንደሚሆን ይህ ታሪክ ያስረዳል፤ የነቀምቴም አቀማመጥ የራሱ ጥቅም እንዳለው ከዚህ በታች ይታያል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የሥራውን እውነተኛ ይዘት ማወቅ

ኢቲአርኤስኤስ-1 72 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ስትሆን፣ የተላከችውም ከምድር ገጽ 628 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ምኅዋር፣ ማለትም ሳተላይት ምድርን ወደሚዞርበት መንገድ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ምድርን በ97 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። በዚህ ፍጥነቱ ምክንያት አንድ የምድር ጣቢያ፣ ማለትም በአንቴና ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር ማዕከል፣ በእያንዳንዱ እልፈት ሳተላይቱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተረኛው ባለሙያ ቴሌሜትሪውን፣ ማለትም ሳተላይቱ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሙቀቱና ስለ አቋሙ የሚልከውን የጤንነት መረጃ፣ ያነብባል፤ የሚቀጥለውን የሥራ ትእዛዝ ይልካል፤ የተነሡትን ምስሎች ይቀበላል። ያ ሰዓት ካመለጠ ቀጣዩን እልፈት መጠበቅ ግድ ነው። በዚህም ምክንያት ሙያው ድፍረትን ሳይሆን አስቀድሞ ማቀድን፣ የተጻፈ ቅደም ተከተልን ሳያዛንፉ መከተልንና የሆነውን ሁሉ በትክክል መመዝገብን ይጠይቃል፤ ይህን ዓይነቱን ሥራ አሰልቺ ሆኖ የሚያገኘው ወጣት ሌላ የጦር ሙያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት የሥራ መስኮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው የህዋ ክትትል ሲሆን፣ በምድር ዙሪያ የሚዞሩ አካላትን መዝግቦ ግጭት እንዳይደርስ ማስጠንቀቅን ይመለከታል። አሜሪካኖች ብቻ ከ25,000 በላይ የሚሆኑ አካላትን ይከታተላሉ፤ ሥራው አስፈላጊ መሆኑንም በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይትና አገልግሎቱን የጨረሰ አንድ የሩሲያ ሳተላይት ተጋጭተው ያስከተሉት የስብርባሪ ደመና አሳይቷል። ሁለተኛው የምድር ላይ መሠረተ ልማትን መጠበቅ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.፣ ካ-ሳት በተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ላይ የደረሰው የሳይበር ጥቃት ሳተላይቱን ሳይነካ በምድር ያሉትን የደንበኞች መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ አድርጎ ነበር። ስለዚህ የራሷ ወታደራዊ ሳተላይት የሌላት አገርም የህዋ ጉዳይ የሚገባቸው መኮንኖች ያስፈልጓታል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የትምህርት ቤት ዝግጅት

ለዚህ ሙያ ዋናዎቹ የትምህርት ዓይነቶች ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው። ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትሪጎኖሜትሪን፣ ቬክተርንና የእንቅስቃሴ ሕጎችን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለመጠቀም ያህል ሊያውቃቸው ይገባል፤ የምኅዋር ስሌት ከእነዚህ የተለየ መሠረት የለውምና። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ በይፋ ተገልጿል። በወለጋ ዞኖች ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉና የማስተማሪያ ጊዜ ስለባከነ፣ ብዙ ተማሪዎች የጎደለባቸው ምዕራፍ የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈዋል። መደረግ ያለበትም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ መሥራትና ያልተማሩትን ለይቶ መሙላት ነው፤ ይህ ጊዜ ቢወስድም አቋራጭ መንገድ የለውም።

በቋንቋ ረገድ የወለጋ ተማሪ ልዩ ሁኔታ አለው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በሠራዊቱ ውስጥ ደግሞ ትእዛዝ፣ ሪፖርትና የጽሕፈት ሥራ በአማርኛ ይከናወናል። ሦስቱን ቋንቋዎች አሟልቶ የያዘ መኮንን ከሕዝብ፣ ከአዛዥና ከቴክኒክ መጻሕፍት ጋር ያለ አስተርጓሚ ስለሚገናኝ፣ ይህ እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ትልቅ ብልጫ መታየት ይኖርበታል። በአማርኛ የአንድ ገጽ ሪፖርት መጻፍን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ የመሣሪያ መመሪያ አንብቦ መፈጸምን በየሳምንቱ መለማመድ ይበቃል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ በነቀምቴ ሆኖ በእጅ መሥራት

ይህ እርምጃ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም የህዋ ሥራ ግማሹ የሚለመደው ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁሉ ስለሆነ፣ አመልካቹ ከማንኛውም ተቋም ደጃፍ ከመድረሱ በፊት የሠራውን ሥራ ይዞ ሊቀርብ ይችላል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ስላሉት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው በኩል የኮምፒዩተር ክፍል ለመጠቀም በደብዳቤ መጠየቅ ይችላሉ። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ክበባትን ሲያበረታታ ስለኖረ፣ ክበብ በሌለበት ትምህርት ቤት አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበው ሊጀምሩት ይገባል።

መጀመሪያ የሚሠራው ልምምድ የሳተላይትን እልፈት አስቀድሞ መተንበይ ነው። የሳተላይቶች የምኅዋር መረጃ በሁለት መስመር ቁጥሮች ተጠቃልሎ ሴለስትራክ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ተማሪው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያንን መረጃ ተጠቅሞ፣ የነቀምቴን አቀማመጥ ማለትም 9.1 ዲግሪ ሰሜንና 36.5 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ አስገብቶ፣ ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ምሽት ላይ በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ያሰላል፤ ከዚያም ሜዳ ወጥቶ በዐይኑ ያረጋግጣል። በስሌቱና በታየው መካከል ያለውን የሰከንዶች ልዩነት በደብተር መመዝገብ ከስሌቱ እኩል አስፈላጊ ነው። ፕሮግራም ጨርሶ ለማያውቅ ጀማሪ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ነፃ ትምህርትና የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የርቀት ዳሰሳ ነው፤ ይህም ምድርን ሳይነኩ ከሳተላይት በሚገኝ ምስል የማጥናት ጥበብ ነው። ለወለጋ ተማሪ ከፊንጫአ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ያስቸግራል። የፊንጫአ ግድብ የተጠናቀቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአሜሪካው የላንድሳት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ሳተላይት የመጠቀችው በ1972 ነው፤ ስለዚህ የጮመን ረግረግ ወደ ሐይቅ የተለወጠበትን፣ በኋላም በሸለቆው የሸንኮራ አገዳ እርሻ የተስፋፋበትን ዘመን ሁሉ የሚሸፍን የምስል ክምችት በነፃ ይገኛል ማለት ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ደግሞ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር የሚለይ ምስል በየአምስት ቀኑ ያነሣል። ተማሪው ኪው ጂ አይ ኤስ በተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር የጥርን ምስል ከጥቅምት ምስል ጋር እያነጻጸረ የውኃውን ስፋት በሄክታር ሊለካ ይችላል። የሐምሌንና የነሐሴን ምስል ለመጠቀም ሲሞክር ግን አብዛኛው በደመና ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ የወለጋ ክረምት ረጅም ነውና። ሴንቲኔል-1ን የመሰሉ በራዳር የሚያዩ ሳተላይቶች ለምን እንደሚያስፈልጉ በዚህ ጊዜ ይገባዋል፤ ራዳር የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚለካ ደመናም ጨለማም አያግደውም። የአንድ ሙሉ ምስል ፋይል ከግማሽ ጊጋባይት ስለሚበልጥ፣ የኢንተርኔት ወጪን ለመቀነስ የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ቆርጦ ማውረድ ይመከራል።

ሦስተኛው ልምምድ ነቀምቴ የራሷ ጸጋ ያላት መስክ ነው። ከምድር በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ አንሥቶ በፀሐይ ጨረር ምክንያት ኤሌክትሪካዊ ሙል ያገኘ የአየር ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ሁሉ በዚህ ንብርብር ውስጥ ያልፋል፤ በማግኔታዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይም በመጋቢትና በመስከረም ወራት፣ ንብርብሩ እየተዛባ የአቅጣጫ ጠቋሚ ምልክቶችን ያናውጣል። ይህ ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957 እና 1958 እ.ኤ.አ. ከተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመውም በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚህ መስክ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከነቀምቴ የሚነሣ ተማሪ የሳተላይት ምልክት ጥንካሬን የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ በስልኩ ጭኖ፣ ስልኩን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያለውን ለውጥ ለተከታታይ ሳምንታት ቢመዘግብ፣ በአውሮፓ ያለ እኩያው በቀላሉ የማያገኘውን መረጃ ይሰበስባል። ጦር ሠራዊት የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሲዛባበት መንሥኤው የጠላት ጣልቃ ገብነት ነው ወይስ የተፈጥሮ ሁኔታ የሚለውን መለየት ስላለበት፣ ይህ እውቀት ከወታደራዊው ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

በዚህ ሁሉ አንድ ጥንቃቄ አይዘነጋም። የሬዲዮ መሣሪያ ማስገባትና መጠቀም በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥርዓት ይመራል፤ የጸጥታው ሁኔታ አሳሳቢ በሆነበት አካባቢም በግል ቤት ጣሪያ ላይ የሚተከል ያልታወቀ አንቴና በባለቤቱ ላይ ጥርጣሬ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የአንቴና ሥራ በትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ስምና ፈቃድ ብቻ መከናወን አለበት፤ ለምስል ልምምድም ሐይቅ፣ ደንና እርሻ እንጂ የጦር ሰፈር አይመረጥም።

አራተኛው እርምጃ፦ ዲግሪውንና በሩን መምረጥ

ለህዋ ሥራ የሚያገለግሉት ዲግሪዎች የኤሌክትሪክና የኮሙኒኬሽን ምሕንድስና፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ፊዚክስ፣ የአየርና የህዋ ምሕንድስና እንዲሁም የጂኦማቲክስ ትምህርት ናቸው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ኮሌጅ ሳይንሱንና የመኮንንነቱን ሥልጠና አጣምሮ ለሚፈልግ ቀጥተኛው መንገድ ሲሆን፣ የአየር ኃይሉ ማዕከልም በዚያው ከተማ ነው። ሁለተኛው በር በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ ይህ ተቋም የሳይበር ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች በክረምት ሥልጠና እየተቀበለ ስለሚያበረታታ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስታወቂያውን በየዓመቱ መከታተል ይገባቸዋል። ሦስተኛው በር ሲቪሉ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

እነዚህ ሦስት በሮች የሚጠይቁት እውቀት በአብዛኛው አንድ መሆኑ ለወለጋ ወጣት ትልቅ ነፃነት ይሰጠዋል። በአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ከግጭቱ የተነሣ ሐዘን ደርሶበታል፤ የደንብ ልብስ መልበስም በአንዳንድ ቤት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ውሳኔው የወጣቱ የራሱ ሆኖ፣ ከወላጆቹ ጋር ተመክሮበት፣ ያለ ማንም ግፊት ሊደረግ ይገባዋል። በሲቪሉ በር የሚገባው ባለሙያ ከመኮንኑ ያነሰ አገልግሎት አይሰጥም፤ ከቦንጋ ተነሥቶ፣ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምሮ፣ በአሜሪካ የህዋ ምሕንድስና ስሙ የታወቀው ኢንጂነር ቅጣው እጅጉም በሲቪል ሙያ የደረሰ ሰው ነበር። በሚኔሶታና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ያደጉ የወለጋ ልጆች በበኩላቸው ወደ አሜሪካ የህዋ ኃይል በመኮንንነት ለመግባት የዜግነትና የዲግሪ ግዴታን ማሟላት እንዳለባቸው አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

አምስተኛው እርምጃ፦ ማመልከቻና ሥልጠና

የመከላከያ ምልመላ የሚካሄደው በመገናኛ ብዙኃን፣ በወረዳና በቀበሌ በሚወጣ ማስታወቂያ ነው፤ የዕድሜ፣ የጤና፣ የትምህርትና የአገልግሎት ዘመን ግዴታው በየጊዜው ስለሚለይ፣ አመልካቹ ከሌላ ሰው በሰማው ላይ ሳይመሠረት የዘመኑን ማስታወቂያ ራሱ ማንበብ አለበት። በወለጋ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የስም አጻጻፍ ነው። ጫላ የሚለውን ስም የመሰሉ ብዙ ስሞች በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ጽሕፈት፣ የሚጻፉበት ፊደልና በእንግሊዝኛ ሥርዓት የሚጻፉበት ፊደል ስለሚለያዩ፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፋይዳ መታወቂያ የሦስት ሰዎች ሰነድ ሊመስሉ ይችላሉ። ይህን ማስተካከል ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከማመልከቻው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል።

የመኮንንነት ማዕረግ ከምክትል መቶ አለቃ ተነሥቶ በመቶ አለቃ፣ በሻምበል፣ በሻለቃ፣ በሌተናል ኮሎኔል እያለ ወደ ኮሎኔልና ወደ ጄኔራልነት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ማዕረጎች ላይ ያለ መኮንን የሚለካው በራሱ የቴክኒክ ችሎታ ሲሆን፣ ከሻምበል ወዲያ ግን ሌሎችን በማሠራት ችሎታው ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ክበብን መምራት፣ የፈረቃ መርሐ ግብር ማውጣትና ታናናሾችን ማስተማር ከወዲሁ የሚለመድ ዝግጅት ነው። የአካል ብቃቱ በየማለዳው በሚደረግ ሩጫ ይገነባል፤ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ያደገ ወጣት በዚህ ረገድ ብዙ አይቸገርም።

ስድስተኛው እርምጃ፦ የመጀመሪያዎቹ የአገልግሎት ዓመታት

አዲስ መኮንን በመጀመሪያ ምድቡ የህዋ ሥራ ላያገኝ ይችላል፤ ወደ ሬዲዮ መገናኛ፣ ወደ ራዳር፣ ወደ ካርታ ዝግጅት ወይም ወደ ኮምፒዩተር ጥገና ሊመደብ ይችላል። አራቱም ለህዋ ሥራ ቅርብ ስለሆኑ እንደ መገፋት ሊቆጠሩ አይገባም። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መጠናት አለባቸው። አንደኛው ሕጉ ነው፤ የ1967 እ.ኤ.አ. የህዋ ስምምነት የኑክሌርና ሌሎች ጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን በምኅዋር ማኖርን ይከለክላል፣ ሳተላይትን ለመገናኛና ለምልከታ መጠቀምን ግን አይከለክልም። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶችና ተከታዮቻቸው ደግሞ ሲቪሎች የጥቃት ዒላማ እንዳይሆኑ ስለሚያዝዙ፣ ከምስል ላይ አንድን መንደር ወይም ጎተራ ለይቶ የሚጠቁም መኮንን የፊርማውን ክብደት ማወቅ ይገባዋል፤ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ሙያዊ ግዴታው ነው። ሁለተኛው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው፤ የስፔስ ሳይንስ ተቋሙ በርቀት ዳሰሳ፣ በጂኦዴሲ፣ በአየርና በህዋ ምሕንድስና እንዲሁም በአስትሮኖሚ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ስለቆየ፣ መኮንኑ በአዛዡ በኩል የትምህርት ዕድል መጠየቅ ይችላል። የጥያቄው ደብዳቤ ክፍሉ ከሥልጠናው የሚያገኘውን ጥቅም በግልጽ ማስረዳት ያለበት ሲሆን፣ ምሥጢራዊ ያልሆኑት የቀድሞ ሥራዎች ማለትም የእልፈት ስሌቶቹ፣ የፊንጫአ ካርታዎችና የምሽት ምልክት መዝገቡ ከነቀናቸው ተያይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።